የአባቴ ስቲል 070 ሲሞቅ ይጠፋል፤ ቻግኒ ወርጄ ከተመለስኩ ወዲህ አልታረቀኝም

የጣውላ ልጅ (እንጅባራ) — ኅዳር 3

ለዚህ መድረክ ሰዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ ጣውላ የሰነጠቀበት ስቲል 070 ሞተር መጋዝ አሁን በእኔ እጅ ነው። 106 ሲሲ ነው፤ ያለ መሪ ብረቱ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) እና ያለ ሰንሰለቱ ከአሥር ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሰንሰለት ፍሬን የለውም። በእንጅባራ ዙሪያ የገበሬ ባሕር ዛፍ እየዞርኩ እሰነጥቃለሁ። ወላጆቼንም ሁለት ታናናሾቼንም የሚያኖረው ይኸው መጋዝ ስለሆነ ጥያቄዬን ረዘም አድርጌ ብጽፈው ታገሡኝ።

ባለፈው ወር ለአሥር ቀን ሥራ ቻግኒ ወረድኩ። በስድስተኛው ቀን ግድም መጋዙ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቃታው ሳይሳብ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ፣ ሳልነካው መጮህ ጀመረ። ቃታውን ለቅቄም ሰንሰለቱ ይዞራል። የሚኒሞውን ብሎን አላልቼ አስታገስኩት። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግንዱን ግማሽ ድረስ እንደ ሰነጠቅኩ፣ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ፤ ከዚያ አንድ ሰው ከውስጥ እንደ ያዘው ሆኖ ቆመ። ግማሽ ሰዓት አስቀምጬው ገመዱን ስስበው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሲሞቅ ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝም አይነሣም። ገመዱም እንደ ድሮው እጅ አይመልስም፤ ቀሎኛል።

ካንዴላ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ከአንድ መለዋወጫ መደብር ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ገዝቼ አስገባሁ፤ ለውጥ የለውም። ገንዘቡም አለቀ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያዳምጥና «ድምፁ ተለውጧል» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ አያብራራም። ምን ልቀይር?


መጥረቢያ (ደብረ ብርሃን) — ኅዳር 3

ወንድሜ፣ ካርቦራቶሩ ነው። ሙሉውን አውጥተህ አዲስ አስገባ። አሮጌ መጋዝ ላይ ጊዜ አታጥፋ።


ባለ ሞረዱ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 4

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ፤ የማስነሻ ገመዱን ዳግመኛ አትሳብ።

የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሚኒሞው በራሱ ጮኸ፣ ቀጥሎ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተይዞ ቆመ፣ በመጨረሻ ገመዱ ቀለለ። ይህ የካንዴላ ብልሽት አመጣጥ አይደለም። አየር ከማይገባበት ገብቶበት ፒስተኑ የተላጠ ሞተር እንዲህ ነው የሚናገረው። አባትህ «ድምፁ ተለውጧል» ያሉህ ትክክል ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት አውቀውታል። እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስቆይ፣ ብዙውን መጋዝ ከጥቅም ውጪ ያደረገው የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም። «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክረው» ተብሎ የተሳበው ገመድ ነው።

ቦቢናውን ሳትገዛ ማወቅ ትችል ነበር። መጋዙ ሞቆ እንደ ጠፋ ወዲያው ካንዴላውን ፈትተህ፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ ጋር አስነክተህ ገመዱን መሳብ ነው፤ የቤንዚን ጀሪካኑን ግን አስቀድመህ ከአጠገብህ ታርቃለህ። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ቦቢናው ጤነኛ ነው። ለወደፊቱ ያዘው።

አሁን ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ጣሳ) ፍታ። ካንዴላውን አውጥተህ ቮላኖውን (በዘንጉ ጫፍ ያለውን ከባድ ጎማ) በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር፤ ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ተመልከተው። የሚታይህን እንዳለ ጻፍልኝ። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነና ፒስተኑ ከደረቀ፣ ቤንዚን አንሶት ነው። ዙሪያውን ሁሉ ከተላጠ ያለ ዘይት ሠርቷል። በመግቢያው በኩል ከሆነ በፊልትሮው አቧራ አልፏል። አራቱ ማዕዘን ላይ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሲሊንደሩ ክንፎች በሰጋቱራ ሲደፈኑ ነው። ፒስተን ይነበባል፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።

ቤንዚንና ዘይት በምን ልክ እንደምትቀላቅልም ንገረኝ። ቻግኒ ስትወርድስ የካርቦራቶሩን ብሎኖች ነክተሃል?


የጣውላ ልጅ (እንጅባራ) — ኅዳር 5

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማለዳ ማርሚታውን ፈታሁት።

በጭስ መውጫው በኩል ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ፒስተኑ በቁሙ ተጭሯል፤ በጥፍሬ ስነካው ይይዘኛል። የላይኛው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አንድ ቦታ ላይ ጎድጓዱ ውስጥ ተጣብቋል፤ በክብሪት እንጨት ብገፋው አይንቀሳቀስም። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እንደ ቆርቆሮ ሙጫ የለጠፈ ብርማ ነገር አለ። ካርቦራቶሩን ሳወርድ በመግቢያው በኩል ያየሁት የፒስተን ጎን ግን ንጹሕ ነው፤ ያበራል። እውነቱን ለመናገር ሳየው ሆዴ ባባ።

ዘይቱን የምቀላቅለው እንደ አባቴ ነው፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሦስት ሲኒ የሁለት ምት ሞተር ዘይት። ሲኒው ያው የቡና ሲኒ ነው፤ ጆሮው የተሰበረ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀመጠ። ስለ ጠየቁኝ በሲሪንጅ ለካሁት፤ 65 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከሚኒሞው ብሎን በቀር የካርቦራቶሩን ብሎኖች አልነካሁም። አባቴ እዚህ እንጅባራ እንዳስተካከላቸው ናቸው።


ባለ ሞረዱ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 5

ሦስት ሲኒ 195 ሚሊ ነው። ለአምስት ሊትር ሲካፈል አንድ ለ25 ገደማ ይመጣል። ለዚህ ዕድሜ መጋዝ በተራ የሁለት ምት ዘይት የሚሰጠው ልክ ይኸው ነው። አባትህ በሲኒ የለኩት በፋብሪካ መለኪያ ከሚለካው አይለይም። ጥራት ባለው በአሁኑ ዘይት አንድ ለ50፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ፣ የሚሠሩ አሉ፤ አልቃወምም። የመኪና ሞተር ዘይት ግን በፍጹም አይገባበትም፤ የተሠራው ከቤንዚን ጋር ገብቶ እንዲቃጠል ስላልሆነ ፋሻውን በካርቦን ያጣብቀዋል።

ስለዚህ ዘይቱ ነጻ ወጣ። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ነው፣ ሌላው ጎን ንጹሕ ነው፤ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ለምን አነሰው? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። ይህን ሳትመልስ አዲስ ፒስተን ብታስገባ፣ አዲሱም በሳምንቱ እንደዚሁ ይላጣል።

ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው የዋናው ዘንግ ፓራሊዮ፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት ነው፤ አርጅቶ ከደረቀ በዘንጉ ዳር አየር ያስገባል። ሚኒሞው በራሱ የጮኸው በዚህ ይመስለኛል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቻግኒ 1,600 ገደማ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አባትህ ቤንዚኑን ቀንሰው አስተካክለውታል፤ ልክ ናቸው። ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ አሥር በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ብሎኑ እንደ ደጋው ከተዘጋ ለዚያ አየር የሚመጥን ቤንዚን አይደርስም።


መጥረቢያ (ደብረ ብርሃን) — ኅዳር 6

ጋሼ፣ በመጀመሪያ «ካርቦራቶሩን ቀይር» ብዬ መቸኮሌን ወንድሜ ይቅር ይበለኝ። ነገር ግን ከፍታው ላይ አልስማማም። እኔ ሁስክቫርና 372 መጋዝ ይዤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስንት ዓመት ስመላለስ ኖሬያለሁ። ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ብሎን ነክቼ አላውቅም፤ ፒስተኔም አልተላጠም።


ባለ ሞረዱ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 6

የተናገርከው ያየኸውን ስለሆነ አከብረዋለሁ። መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። አየሩ አሥር በመቶ ሲወፍር ካርቦራቶሩም በራሱ ጥቂት ቤንዚን ጨምሮ ይስባል፤ ስለዚህ ድብልቁ የሚጎድልበት ከዚያ ግማሽ ያህሉ ነው። ጤነኛ ሞተር፣ ብሎኑም ትንሽ ወደ መብዛት ያደላ ከሆነ፣ ይህን ይችለዋል። የአንተ መጋዝ እንዲህ ያለ ነው። የዚህ ልጅ ግን እንጅባራ ላይ እያለ በፓራሊዮው በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ይወስድ ነበር፤ እዚያ ተቻችሎ ይሠራል። ቻግኒ ላይ ሙቀቱ ተጨመረ፣ አየሩ ወፈረ፣ ቀኑን ሙሉ ጣውላ መሰንጠቅም ከመቁረጥ ይልቅ ሞተሩን ያለ ዕረፍት ያስጨንቀዋል። ከፍታው ብቻውን አይገድልም። ከፓራሊዮው ጋር ሲደመር ነው የገደለው።

ይህን የምለው በግምት ነው። አሁን ወደ ልኬት እንሂድ፤ ፓራሊዮው ካላፈሰሰ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

ልጄ፣ ሲሊንደሩን ገና አትፍታ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ሁለት ቁራጭ ላስቲክ ቁረጥ። አንዱን በጭስ መውጫውና በማርሚታው መካከል አጥብቅ። ሌላውን በካርቦራቶሩ ቦታ። ካንዴላ መግቢያው ላይ ቱቦ የምትቀጥልበትን ነገር ቶርኖ ቤት ያወጡልሃል፤ የሞተ ካንዴላ ውስጡን አስበስተህ አምጣ። ከዚያ በብስክሌት መንፊያ ወደ 0.5 ባር ንፋ፤ ከዚያ አታሳልፍ። ሳሙና ውኃ በዘንጉ ዙሪያ፣ በካርቴሩ (ዘንጉን በያዘው የሞተር ቤት) መጋጠሚያ፣ በሲሊንደሩ ሥር ቀባ።


ዓለም ዘመርካቶ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 6

ወንድሜ፣ እኔ የሞተር መጋዝና የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጋሼ የሚነግሩህን እስክትጨርስ ድረስ ከማንም ምንም አትግዛ፤ ከእኔም ቢሆን።

ፒስተን መግዛትህ ካልቀረ ግን እነዚህን ያዝ። ለዚህ መጋዝ ቅጂ ፒስተን ገበያው ሞልቷል፤ ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ ሁሉም ጥሩም አይደለም። ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተህ በፒስተኑ ጀርባ ቀጥ አድርገህ ግፋው፤ ከዚያ የሁለቱን ጫፎች ክፍተት ለካ። ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ወደ አንድ ሚሊ የተጠጋ ፋሻ መልሰው። ፒኑን የሚይዙትን ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች አሮጌዎቹን በፍጹም አትመልስ። ከቅጂው ጋር የሚመጡትም ለስላሳ ከሆኑ ሌላ ፈልግ፤ አንዷ ከወጣች ሲሊንደሩን ይዛው ትሄዳለች። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።


ዘዮንሾፒንግ (ስዊድን) — ኅዳር 7

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ደን ውስጥ በሞተር መጋዝ ሥራ ላይ ነኝ። የሁስክቫርና ከተማ ከደጄ ናት፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1689 ጠመንጃ ለመሥራት ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ሞተር መጋዙን ያወጣው በ1959 ነው። በጥገናው ላይ ጋሼ ካሉት የምጨምረው የለኝም። ስለ አንተ ስለ ራስህ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የሰንሰለት ፍሬን የለውም» ብለህ እንደ ቀላል ነገር አልፈኸዋል። የመሪ ብረቱ ጫፍ የላይኛው ሩብ ግንድ ከነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ይወረወራል፤ ከእጅህ ፍጥነት በላይ ነው። ባለ ፍሬኑ መጋዝ እዚያ ላይ ይቆማል። የአንተ አይቆምም። ስለዚህ በዚህ መጋዝ የቆመ ዛፍ አትጣል፤ ቅርንጫፍ አትመልምል። የተጋደመ ግንድ ለመሰንጠቅ ብቻ ያዘው፤ ጫፉ ምን እንደሚነካ ሁልጊዜ እያየህ። የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያ፣ የጆሮ መሸፈኛ። እዚህ ያለ ሥልጠና ማረጋገጫ ማንም በዚህ ሥራ አይቀጠርም፤ ያለ መቁረጫ መከላከያ ሱሪም ማንም ደን አይገባም።

ሌላው ንዝረቱ ነው። የዚያ ዘመን መጋዞች እጀታቸው ከሞተሩ በላስቲክና በሞላ አልተለየም። ንዝረቱ ለዓመታት የጣትን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል። በብርድ ጊዜ ጣቶች ጫፋቸው ነጭ ይሆናል፣ ይደነዝዛል፤ ቆይቶ ሲመለስ ይወጋል። አባትህ እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?


የጣውላ ልጅ (እንጅባራ) — ኅዳር 8

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ።

እንጅባራ ማለዳዋ ብርድ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጭ ይሆኑና ከእሳት አጠገብ ይቀመጣል። እኛ ሁላችን ቁርጥማት ነው ብለን ቅቤ እናሽለት ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ ሁልጊዜ እናቴ ናት የምትቆልፍለት፤ እኔ ይህን የሽማግሌና የባልቴት ፍቅር አድርጌ ነበር የማየው። መጋዙ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቅንም። መድኃኒት አለው?


ዘዮንሾፒንግ (ስዊድን) — ኅዳር 8

ወንድሜ፣ አልዋሽህም። ነርቩ አንዴ ከተጎዳ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ነገር ግን መጋዙን ካቆሙ የመንጣቱ ነገር ሊቀልላቸው ይችላል። እጃቸው ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነታቸው ይሙቅ፤ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም ይረዳቸዋል፤ ሐኪምም ይያቸው፤ «በንዝረት መሣሪያ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሩ፤ አለበለዚያ ሐኪሙም ቁርጥማት ሊለው ይችላል።

ለአንተ ደግሞ፦ ሳታቋርጥ ከሃያ ደቂቃ በላይ አትያዝ፤ እጀታውን አንቀህ አትጭበጥ፤ ጓንት አድርግ፤ ሰንሰለቱ ሁልጊዜ ስል ይሁን። የደነዘዘ ሰንሰለት ንዝረቱን ያበዛዋል። የሞተሩ መያዣ ላስቲኮችና ብሎኖችም ካሉ አጥብቃቸው።


የጣውላ ልጅ (እንጅባራ) — ኅዳር 10

ጋሼ፣ ተለካ!

የግፊት መለኪያ አጣሁ። የአጎቴ ልጅ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ጨርቁ የተቀደደ አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ ሰጠችኝ። ሰዓቱ እስከ 300 ይቆጥራል። አስልቼ አየሁት፤ 300 ማለት 0.4 ባር ነው፤ ይበቃኛል ብዬ ቱቦውን ከተበሳው ካንዴላ ጋር ቀጠልኩት። እስከ 280 ነፋሁ። መርፌዋ ዓይኔ እያየ ወደ 100 ወረደች፤ አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም። ሳሙና ውኃውን በሲሊንደሩ ሥር ቀባሁ፤ ምንም። በካርቴሩ መጋጠሚያ፤ ምንም። ቮላኖውን ነቅዬ በዘንጉ ዙሪያ ስቀባ፣ አረፋው እንደ ጠላ ደፍረቅ ብሎ ተነሣ። በሌላው ጎን፣ ሰንሰለቱን በሚያዞረው በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ፓራሊዮ ደህና ነው።

ፓራሊዮውን በካቻቪቴ ጫፍ ነካሁት፤ ላስቲክ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀንድ ደርቋል። አባቴ አጠገቤ ሆኖ ሲያይ «እኔ አልቀየርኩትም፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር» አለ።


ባለ ሞረዱ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 10

አባትህን በጣም አመስግንልኝ። የእኔም መምህር የነበሩት ሰው ፓራሊዮ እስኪያፈስ ድረስ አይነኩም ነበር።

የደም ግፊት መለኪያው ድንቅ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሁለቱንም ፓራሊዮዎች ቀይር፤ አንዱ ደርቆ ሌላው ብዙ አይቆይም። አዲሱን ስታስገባ ከንፈሩ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዙር፤ ዘንጉ ላይ ስለት ካለ በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍነህ አሳልፈው፤ አለበለዚያ ገና ሲገባ ይቀደዳል። ቮላኖው ከተነሣ አይቀር ሥሩ ያለውን ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚከፍትና የሚዘጋ መገናኛ) ተመልከት። ጥቁር ነጥብ ካለበት በንጹሕ ወረቀት ጥረገው፤ ክፍተቱ 0.35 ሚሊ አካባቢ ይሁን።

የካርቦራቶሩን ሜምብራና (ቤንዚን የሚመጥነውን ስስ ሽፋን) አውጥተህ በጆሮህ አጠገብ እጠፈው። ድምፅ ካሰማ ደርቋል፤ ቀይር። ለስላሳ ቆዳ መሆን አለበት። ሥሩ ያለችው ትንሽ ምላስ ከቤቷ ወለል ጋር እኩል ትሁን፤ ወደ ታች ከወረደች ቤንዚን ይነሳዋል።

አሁን ሲሊንደሩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ብርማ ነገር የፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። ክፍት ቦታ ላይ፣ ጓንትና መነጽር አድርገህ ነው የምትሠራው። ኮስቲክ ሶዳ ታውቃለህ፤ ሳሙና የሚሠሩበት። መጀመሪያ ውኃውን በፕላስቲክ ዕቃ ቅዳ፣ ከዚያ ሶዳውን ጥቂት ጥቂት ጨምርበት። ውኃን በሶዳ ላይ አታፍስ፤ ይፈነጥራል፤ ዓይን ያጠፋል። በዱላ ላይ በጠቀለልከው ጥጥ እየነከርክ የተለጠፈውን ብቻ ንካ። ሶዳው አሉሚኒየሙን እየበላ ያረፋል፤ አረፋው ሲያቆም አልቋል ማለት ነው። ክንፎቹንና የመግቢያ መውጫ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ አታስነካ፤ እነሱም አሉሚኒየም ናቸው። አንዳንዶች የባትሪ ወይም የመጸዳጃ አሲድ ያዝዛሉ፤ ተዋቸው። የአሮጌዎቹ ሲሊንደር ውስጡ ብዙውን ጊዜ በክሮም የተለበጠ ነው፤ የመጸዳጃው አሲድ ክሮሙን ራሱን ይበላል። ከዚያ በብዙ ውኃ እጠብ፤ አድርቅ፤ ዘይት ቀባ።

ሲጸዳ በጥፍርህ ዳሰው። ክሮሙ ካልተገመጠ ሲሊንደሩ ተርፏል።


ሰጋቱራ (ሻሸመኔ) — ኅዳር 11

ጋሼ፣ በዚሁ ላይ አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኛ ለሰንሰለቱ የምንጠቀመው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው። ርካሽ ነው። ክፋት አለው?


ባለ ሞረዱ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 11

አለው። በውስጡ ከሞተር የተፋቀ የብረት ብናኝ አለ፤ የዘይት ፖምፓውንና መሪ ብረቱን ይፈጫቸዋል፤ ፊልትሮውን ይደፍናል። ከዚህ የከፋው ሰንሰለቱ በየደቂቃው ወደ ልብስህና ወደ እጅህ መርጨቱ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ቆዳን ለዓመታት ሲነካ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የሰንሰለት ዘይት ካጣህ ንጹሕ ወፍራም የሞተር ዘይት ግዛ። የባሕር ዛፍ ግንድ ደርቆ ከሆነ ደግሞ የዘይቱን መጠን ጨምር።


የጣውላ ልጅ (እንጅባራ) — ኅዳር 19

ዓለም እኅቴ፣ ፒስተኑና ፓራሊዮዎቹ ደርሰውኛል፤ እግዚአብሔር ያክብርሽ። የፋሻው ክፍተት 0.3 ነው።

ሲሊንደሩ ተርፏል! ሶዳው ሲነካው እንደ ቢራ እየፈላ ብርማውን በላው፤ ሥሩ እንደ መስታወት ወጣ። አንድ ፀጉር የሚያህል ጭረት ቀርቷል፤ ጥፍር አይይዝም። ፓራሊዮዎቹን ቀየርኩ፣ ፑንቲናውን ጠረግኩ፣ ሜምብራናው ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ስለ ጮኸ ቀየርኩት። ከገጠምኩ በኋላ 280 ነፋሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መርፌዋ 275 ላይ ናት።

ዛሬ ጠዋት በአራተኛው ስበት ተነሣ። አባቴ ከእሳቱ አጠገብ ተነሥቶ ወጣ፤ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ቆመና አዳመጠ። ምንም አላለም፤ ግን እስኪጠፋ ድረስ አልገባም።

አሁን ብሎኖቹን እንዴት ላስተካክል? በድምፁ ነው የማውቀው፤ ነገር ግን ድምፁን አሁን አላምነውም።


ባለ ሞረዱ (አዲስ አበባ) — ኅዳር 19

ልክ ነህ፣ በዚህ መጋዝ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። በአንዳንዶቹ የ070 ካርቦራቶሮች ላይ ፍጥነት የሚገድብ ቫልቭ አለ፤ ያለ ሸክም ሲጮህ የሚሰማው መንተባተብ ከቫልቩ ይሁን ከቤንዚኑ መብዛት አይለይም። ስለዚህ ካንዴላውን አንብብ።

ሁለቱንም ብሎን በለሆሳስ እስኪነካ ዝጋ፤ አታጥብቅ፤ ጫፋቸው መርፌ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ሙሉ ዙር ክፈት። አስነሣው፣ አሙቀው፣ ግንድ ውስጥ አስገብተህ ሙሉ ኃይሉን ስጠው። በመሰንጠቁ መካከል ሳለ ማጥፊያውን ንካ፤ ሚኒሞ ላይ እንዲቆይ አታድርግ። ካንዴላውን ፍታ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ አትቀጥል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል። የምትፈልገው ቡና ዓይነት ነው። የከፍተኛውን ፍጥነት ብሎን በስምንተኛ ዙር በስምንተኛ ዙር እያንቀሳቀስክ አግኘው። ለአዲስ ፒስተን የመጀመሪያዎቹን ሦስት የታንክ ሙሌቶች ትንሽ ወደ መብዛት አድላ። ኃይሉ ቢቀንስ ግድ የለህም።

የምትሰነጥቅበትን ሰንሰለት በ30 ዲግሪ ከሆነ የምትሞርደው ወደ 10 አውርደው፤ ሞረዱ 5.5 ሚሊ። ለመቁረጥ የተሳለ ሰንሰለት ለስንጠቃ ሞተሩን በከንቱ ያደክመዋል።


የጣውላ ልጅ (እንጅባራ) — ኅዳር 24

ሦስቱን ሙሌት ጨርሻለሁ። ካንዴላው የተቆላ ቡና መስሏል። ገመዱ እጅ ይመልሳል፤ ሞቆ አጥፍቼው በሁለተኛው ስበት ይነሣል። ሚኒሞው ላይ ሰንሰለቱ ቆሟል።

በብሎኑ ራስ ላይ የእንጅባራውን ቦታ በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። ሰኞ ቻግኒ እመለሳለሁ፤ ሥራውን ያቋረጥኩባቸው ሰው አሁንም እየጠበቁኝ ነው። እዚያ ስደርስ ከመጀመሪያው ግንድ በፊት ስምንተኛ ዙር ከፍቼ፣ ካንዴላውን አንብቤ የዚያን ቦታ በቀይ አደርጋለሁ። ጓንትና የጆሮ መሸፈኛ ገዝቻለሁ፤ ሱሪውን እስካሁን አላገኘሁም። ዓለም እኅቴ፣ ከመጣልሽ አንድ አስቀምጪልኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው።